ደረጃ የሌለው መንገድ

“እትዬ፣ መርፌውን አስቀምጪና ነይ እስቲ! መልሱን ሠርቶልኛል፤ አብረን እንየው!”

እህቴ እንዲህ ብላ ስትጠራኝ የአንድ ሰፊ መጋረጃ ጠርዝ እየዘመዘምኩ ነበር። ያን ጊዜ ድምጿ ውስጥ የነበረው ደስታ አሁንም ትዝ ይለኛል። ጨርቁን ጭኔ ላይ እንደያዝኩ ወንበሬን ወደ ላፕቶፗ ሳብኩ። አባባ ሱቁንና ጓዳውን ከሚለየው መጋረጃ ወዲያ ራዲዮኑን ያዳምጣል።

ስክሪኑ ላይ ወንዝ አለ፤ ወንዙ ላይ ድልድይ አለ። ቀጮ (እህቴን ቀጮ ነው የምንላት) በኮምፒውተር ጌሙ ውስጥ ያለችውን ትንሽዬ ሰው እየነዳች ድልድዩን ተሻገረች። ከማዶ ነጭ የድንጋይ መንገድ ይጀምራል። ኮረብታውን ዞር ዞር እያለ፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። እሷም ወጣች። ትንፋሿን ይዛለች። እኔም፣ ጌም የሚባል ነገር ሲነሣ የሚያመኝ ሴትዮ፣ ትንፋሼን ይዣለሁ።

መንገዱ ከአናቱ ደረሰና አለቀ። ከዚያ ወዲያ ባዶ ሣር ነው። ቤት የለ፣ ዛፍ የለ፣ ምንም የለ። ቀጮ ትንሿን ሰው ወደፊት ልታራምዳት ስትል ገተር ብላ ቆመችና ወደኋላ ተመለሰች።

“ይሄ ላፕቶፕ ደግሞ!” አለች ቀጮ። አሁንም ሞከረች፤ አሁንም መለሳት። ከዚያ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሣች።

“የታል መልሱ?” አልኳት።

“ይኸው እትዬ፣ እያየሽው። መንገድ አለ፤ መድረሻ የለም። በአፉ ሊነግረኝ አልደፈረም፤ ስለዚህ ሠርቶ አሳየኝ።”

አላለቀሰችም። ብታለቅስ እኮ አውቅበታለሁ፤ እንባዋን እየጠረግኩ አብሬ እረግመው ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ቀጮ ከእኔ ጋር መጋረጃ ትሰፋለች። ከሥራ ውጭ ያላት ዓለም ግን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠችው ጥቁር ሳጥን ናት፤ ሰርቨር ይሏታል። እዚያች ሳጥን ውስጥ መንደር አለ። ሰዎች ከየቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት ይገቡና ቤት ይሠራሉ፣ ያርሳሉ፣ ሲያሻቸው ይጨቃጨቃሉ። በማይክ ያወራሉ፤ ማንም ግን በስሙ አይጠራም። መንደሩን የምትጠብቀው እህቴ ስለሆነች ዘበኛዋ ይሏታል። አንድ ደግሞ አናጢው የሚባል አለ። “እትዬ፣ አንድ አናጢ ወደድኩ” ስትለኝ እሰይ፣ ባለሙያ አገኘች ብዬ ምርቃት ልጀምር ስል ለካስ የጌም አናጢ ነው! መዶሻ ጨብጦ የማያውቅ!

በአካል የተያዩት የአንድ ትልቅ ሆቴል መጋረጃ ልንሰቅል የሄድን ቀን ነው። ቀጮ መሰላል ላይ ሆና “እትዬ፣ ቀለበቶቹን አቀብዪኝ” ስትል፣ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሱፍ የለበሰ ወጣት ቀጥ ብሎ ቆመ።

“ዘበኛዋ?” አለ። ድምጿን ነው ያወቀው።

“አናጢው!” አለች እሷም፤ ገና ፊቱን ሳታየው።

ከዚያ ዞረች። እኔ ከታች መሰላሉን እንደያዝኩ የሁለቱንም ዓይን አየሁና በቃ፣ ይህቺ ልጅ ሄደች አልኩ በልቤ። ልጁ የባለሆቴሏ አንድ ልጅ ነበር።

ባለሆቴሏ ነገሩን የሰሙ ዕለት ሱቃችን ድረስ መጡ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ወንበር ባቀርብ አልተቀመጡም። የጨርቁን ጣቃ በጣታቸው እየዳበሱ፣ “አንቺ ታላቋ ነሽና ለአንቺ ልንገርሽ” አሉኝ። “እህትሽ ጨዋ ልጅ ናት፤ አልዋሽም። ግን ከእሷ ጋር ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። የእኔን ባል ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ወጣትነቴ አልጋ ሥር ነው ያለቀው። ልጄ ትዳሩን ገና ሳይጀምር አስታማሚ እንዲሆን አልፈልግም። ቤት ሆስፒታል አይደለም።”

“የእኛም ሆስፒታል አይደለም፤ አባታችን ያለበት ቤት ነው” አልኳቸው። ፊቴ በርበሬ መስሎ እንደነበር አውቀዋለሁ።

“ላስቀይምሽ አልመጣሁም” አሉና ወጡ። ወዲያው ከመጋረጃው ማዶ የራዲዮኑ ድምፅ ከፍ አለ። አባባ ሁሉንም ሰምቶታል።

አባባ ሹፌር ነበር፤ ዕድሜውን በሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ። ሕመሙ ግራ ጎኑን ከወሰደበት ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚውለው። ራዲዮኑ ሁልጊዜ በቀኙ ነው። ስናጸዳ ተሳስተን በግራው ያስቀመጥነው እንደሆነ፣ “ደግሞ ይህቺን ሟች እጄን ልትቀሰቅሷት ነው?” እያለ ቤቱን ቀውጢ ያደርገዋል። የዚያን ዕለት ግን አልተቆጣም። ቀጮን ጠራትና፣ “ልጁን ከወደድሽው አግቢው” አላት። “እኔ ግን በሰው ቤት አልገባም። ታላቅሽ ትበቃኛለች።”

“አንተን ትቼ የትም አልሄድም” አለችው። ለአናጢውም ይህንኑ ነገረችው። “እኔን የሚያገባ አባቴንም ይዞ ነው። ይህ ከከበደህ አሁን ንገረኝ።”

ልጁ ጠፋ። ሲጠፋ እኔ አፌን አልዘጋሁም፤ “የሀብታም ልጅ! መጫወቻው ነሽ!” አልኳት። ከዚያ ነው፣ “መልሴን ከወንዙ ማዶ ሠርቼ አስቀምጬልሻለሁ። አይተሽ ንገሪኝ” ብሎ የጻፈላት። አይታ ነገረችው።

“አየሁት። ገብቶኛል። በዚሁ ይብቃን።”

መልሱ ቶሎ አልመጣም። በመጨረሻ ስልኳ ጮኸ። “አይተሽውም ይብቃን ካልሽ እኔ ምን እላለሁ” ይላል። ቀጮ አነበበችልኝና ስልኳን ጨርቅ ሥር ሸጎጠችው። ያን ቀን መጋረጃውን ሁለታችንም አልጨረስነውም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ቀዘቀዘ። ቀጮ ትሰፋለች፣ ትበላለች፣ ስናወራት ትመልሳለች። ሳቋ ግን የለም። እኔም “ድሮስ አላልኩሽም?” ብያት ነበር፤ አንዴ። ዓይኗን አነሣችና አየችኝ፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

ይህ ሳይበቃ መንደሩም ታመመ። አመሻሽ ላይ ሱቁን ስንዘጋ ከላፕቶፑ ጩኸት ነው።

“ዘበኛዋ! እኔ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥኩት፤ ጎረቤቴ ግን አየር ላይ ተንጠልጥለሃል ይለኛል!”

“ኧረ ሰውዬው ዕቃ ቤቴ ላይ ማሳ አረሰ!”

“የምን ዕቃ ቤት? እኔ ባዶ መሬት ነው ያየሁት!”

መሳቅ አምሮኝ ነበር። የቀጮን ፊት አየሁና ተውኩት።

“ምን ሆነው ነው?” አልኳት።

“ሞዳቸው አልገጥም ብሎ ነው።” ለእኔ ስታስረዳ ድሮ ደስ ይላታል፤ አሁን ግን በግድ ነው የምታወራው። “ጌሙ ሲሠራ ያለው ድንጋይ፣ አፈርና እንጨት ነው። ሌላውን ሰዎች ከውጭ ሠርተው ይጨምሩበታል፤ ሞድ ማለት እሱ ነው። አንዱ የቤት ሞድ ነው፤ ወንበሩ፣ አልጋው፣ አሁን በቅርቡ ደግሞ ግድግዳና ጣሪያው ሳይቀር። ሰርቨሩ ላይ ያለው ሞድ እያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ እንዳለ መገኘት አለበት። የሌለው ሰው ነገሩ አይታየውም።”

“የሌለውን ሰው ታዲያ በር ላይ አትመልሺውም? ዘበኛ አይደለሽ?”

“ፍተሻውን አጥፍቼዋለሁ” አለች፤ ዓይኗን ሰበር አድርጋ። “ላፕቶፔ ያንን ሞድ መሸከም አቅቶት ነበር። ፍተሻው ካለ ደግሞ እኔንም አያስገባኝም። ለጊዜው ብዬ ነው ያጠፋሁት።”

የመንደሩ ጠባቂ ራሷ በአጥር ሾልካ ትገባ ኖሯል! እሷን ተከትሎ ሌላውም ያሻውን ይዞ እየገባ ነው ነገሩ የተደበላለቀው።

“እና ምን ይሻላል?”

“የቤት ሞዱን ከሰርቨሩ ላይ አወጣዋለሁ። ያኔ ሁሉም እኩል ይሆናል። በእሱ የተሠራው ነገር ግን ይጠፋል። ያለ እሱ አንዴ ከተነሣ፣ ሰርቨሩ ያንን ቦታ ባዶ ነው ብሎ ይይዘዋል፤ አይመለስም። ዕቃ ያላችሁ ሰብስቡ ብዬ ለሁሉም ነግሬያለሁ።”

“ኮፒ አታስቀምጪም?”

“ለማን ብዬ?” አለች። አንጀቴን በላችው።

ልታወጣው ያሰበችው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ፀሐይዋ በበሩ ትገባለች። አባባ ብርሃን ስለሚወድ ወንበሩን ገፍቼ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ አቁሜዋለሁ። ቀጮ ሰርቨሩን ከማጥፋቷ በፊት መንደሩን ለመጨረሻ ጊዜ ዞር ዞር ብላ አየች። እግሯ መራት መሰለኝ ድልድዩን ተሻገረች።

“ይሄን መንገድ ማን ነው የሠራው?” አለ አባባ ድንገት።

ቀጮ ደነገጠች። “አንድ ሰው ነው አባባ።”

“ጎበዝ ነው። ዳገቱን አየሽው? እያዞረ፣ እያዞረ አቀለለው። አንድም ደረጃ የለበትም።” ደህና እጁን ወደ ስክሪኑ ዘረጋ። “በዚህ ወንበሬ ብቻዬን እወጣው ነበር እኮ፤ ማንም ሳይገፋኝ። ለመሆኑ የት ነው የሚያደርሰው?”

“የትም።”

“ተይ እንጂ! መንገድ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለዚህ መንገድ የተለፋውን ልፋት እኔ አያለሁ። የትም ለማያደርስ ነገር ማን እንዲህ ይደክማል?”

እኔ ልብ ያላልኩትን አባባ አየ። ቀጮ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። መንገዱን ከታች እስከ ላይ በዓይኗ ወጣችው፤ ደረጃ የሌለበትን፣ ሰፊውን። ትንሿን ሰው ከመንገዱ ጫፍ አድርሳ ወደፊት ገፋቻት። ገተር ብላ ተመለሰች። እንደገና ገፋቻት። ተመለሰች።

እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች።

“እትዬ” አለች፤ ክንዴን ይዛ። “ላፕቶፑ አይደለም የሚመልሰኝ። ግድግዳ ነው። ሰርቨሩ ላይ እዚህ ግድግዳ አለ፤ እኔ ጋ ነው የማይታየው!”

እንዴት እስካሁን አላሰበችውም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ቆይቼ ጠይቄያት ነበር። “የፈራሁት መልስ ስለነበር ወዲያው አመንኩት” ነው ያለችኝ።

ሞዱን ከሰርቨሩ ማውጣቱ ቀረ። እንዲያውም ተገላቢጦሽ ሆነና፣ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ወደ ላፕቶፗ መገልበጥ ያዘች። ቦታ እንዲገኝ ከላፕቶፑ ላይ ያልጠፋ ነገር የለም፤ ፎቶው፣ ዘፈኑ፣ ፊልሙ ሁሉ ሄደ። ላፕቶፑ ጋለ፤ አቃሰተ፤ አንዴ ጭራሽ ድርግም ብሎ “ወይኔ!” አሰኘን። አየር እንዲያገኝ በክር ማጠንጠኛዎች ላይ አስቀመጥነው። እኔ የመቁረጫ ካርቶኔን ይዤ ማራገብ ጀመርኩ። ለጌም! እኔ!

“በሞቴ አራግቢ፣ እትዬ! አታቁሚ!”

“እያራገብኩ ነው! አንቺ ዝም ብለሽ ሥሪ!”

በመጨረሻ ፍተሻውን መለሰችው፤ ከእንግዲህ ሰርቨሩ እሷንም እንደማንም ፈትሾ ነው የሚያስገባት። ልትገባ ተጫነችው። ካርቶኑ እጄ ላይ ቀረ።

አስገባት።

መጀመሪያ የታየው ጣሪያው ነው። ከዚያ ግድግዳው ቁራጭ ቁራጭ እያለ መጣ። ሰፊ በር፤ ደፍ የሌለው። ቀጮ ትንሿን ሰው ገፋቻት፤ አሁን ማንም አልመለሳትም፤ ገባች። ከምድር ቤት፣ ከበሩ ቀጥሎ፣ ወንዙን የሚያይ ክፍል አለ። አልጋ አለበት። አልጋው ዙሪያ ወንበር እንዲዞር ተብሎ ቦታው ተለቋል። ከራስጌው በግራ ባለው መደርደሪያ ላይ ራዲዮ ተቀምጧል።

አባባ ወንበሩን በደህና እጁ ወደ ስክሪኑ አስጠጋ።

“ይሄኛውስ?” አልኩ፤ ከጎን ያለውን በር እያሳየሁ። ቀጮ ከፈተችው። ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ። የስፌት መኪና፤ ብርሃኑ በግራ እንዲመጣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠ። በግድግዳው ልክ የተደረደረ የጨርቅ ጣቃ። የእኔ ክፍል ነበር፤ የእኔ! መጫወቻው ነሽ ብዬ ስሙን ሳጠፋ የከረምኩት ሴትዮ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ከነመኪናዬ ቦታ ነበረኝ። ካርቶኑን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ምን ይደረጋል፣ አለቀስኩ።

“መስኮቶቹን እያቸው፣ እትዬ” አለች ቀጮ በሹክሹክታ።

በየመስኮቱ ዘንግ አለ፤ ቀለበቶቹ ሁሉ ተሰድረዋል። መጋረጃ ግን የለም። የሚያምር መጋረጃ ሞዱ ውስጥ ሞልቷል አሉ። እሱ አንዱንም አልሰቀለም። ያንን ለእኛ ነው የተወው።

ቀጮ ስልኳን አነሣች። የምትጽፈውን እየደጋገመች አጠፋች። በመጨረሻ የላከችው ይህን ነው፦ “ቤቱን ያየሁት አሁን ነው። ያኔ የታየኝ መንገዱ ብቻ ነበር። ሞዱ አልነበረኝም።”

ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ ላይ፣ ከድልድዩ ወዲህ፣ አንድ ሰው ብቅ አለ። መንገዱን መውጣት ጀመረ። ቀጮ ማይኩን ከፈተችው።

“ምን ማለትሽ ነው?” አለ ድምፁ። ያ ሱፍ የለበሰው ልጅ ነው። “አየሁት አልሽኝ እኮ። ገብቶኛል አልሽኝ።”

“ባዶ ሣር ነው ያየሁት። መድረሻ የለንም ያልከኝ መሰለኝ።”

“እኔ?” አለ። “እኔ እንደዚያ የምልሽ ይመስልሻል?”

“መሰለኝ። ይቅር በለኝ፣ መሰለኝ።”

የእሱ ሰው መንገዱ መሃል ቆሟል።

“ዘበኛዬ፣ እኔ ደግሞ ቤቱን አይተሽ የናቅሽው መሰለኝ” አለ። “አባቷን በእኔ ቤት ማስገባት አልፈለገችም፣ አላመነችኝም አልኩ። ከዚያ ለእማዬ ቃሌን ሰጠኋት። ውጭ አገር የከፈተችውን ሆቴል ልይዝላት። ሰኞ ነው የምሄደው።”

የቀጮ እጅ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ጨበጠ።

“መሄድ ካለብህ ሂድ” አለች። ድምጿን እንዴት እንዳቆመችው እንጃ። “እናትህ ናት። እኔ ለአባቴ ስል አልሄድም ያልኩ ሰው፣ እናትህን ተዋት አልልህም። ግን አንድ ነገር እወቅልኝ። አይቼው አይደለም እንቢ ያልኩህ። ባየው ኖሮ ያን ዳገት ሮጬ ነበር የምወጣው።”

እኔ ደግሞ ምን አለ ይቺ ልጅ እንዲህ ጨዋ ባትሆን እያልኩ በውስጤ እቃጠላለሁ።

“ያንን ማይክ ወደ እኔ አምጪው” አለ አባባ።

“አባባ፣ ተው...”

“አምጪው አልኩሽ!” አስጠጋችለት። ሲናገር እንደ ሹፌርነቱ ዘመን ጮክ ብሎ ነው። “አንተ ልጅ!”

“አቤት አባባ።”

“ክፍሌን አየሁት።”

ክፍሌን አለ። በሰው ቤት አልገባም ያለው ሰውዬ ክፍሌን አለ። ቀጮ ዞራ አየችው።

“እናትህ እዚህ መጥተው የተናገሩትን ሰምቻለሁ” ቀጠለ። “አልፈርድባቸውም። የደከማቸው ሰው ናቸው። ቤቱ ጥሩ ነው፤ በሩም ሰፊ ነው። ግን አንድ የተሳሳትከው ነገር አለ።”

“ምንድነው አባባ?”

“ራዲዮኑ በግራዬ ነው ያለው። ግራ እጄ አይሠራም። እንዴት አድርጌ ነው የምከፍተው?”

መንገዱ ላይ የቆመው ሰው ፊቱን ወደ ድልድዩ አዞረ። ተቋረጠ፣ ሄደ፣ አበቃ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የስክሪኑን ብርሃን ሸሽቼ የቀጮን ትከሻ ያዝኩ።

“እትዬ” አለች። “እትዬ፣ እዪ።”

ዓይኔን ገለጥኩ። ሰውየው መንገዱን ሽቅብ እየሮጠ ነበር። በሩን አልፎ ገባ። አልጋውን ዞረ። ከመደርደሪያው ላይ ራዲዮኑን አነሣ፤ እኛም እዚህ ሲነሣ አየነው። እሱ ጋ የሆነው ሁሉ እኛም ጋ ሆነ። አልጋውን በሌላ በኩል ዞረና፣ ቀስ ብሎ፣ በአባባ ቀኝ አስቀመጠው።

“አሁንስ?” አለ ድምፁ። “ሰኞ አልሄድም፤ አሁን ይደርሱበታል?”

“አሁን እደርስበታለሁ” አለ አባባ።

ቀጮ ያኔ ነው ያለቀሰችው።